ድምፁ ከምንጩ ይሠራ ወይስ በፊልተር ይቀረጽ?

በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ሰዎች ሲገናኙ ቶሎ የማይበርድ አንድ ክርክር አለ። በሲንተሳይዘር ሶፍትዌር ድምፅ ሲፈጠር ዋናውን ሥራ መሥራት ያለበት የትኛው ክፍል ነው? አንዱ ወገን ፊልተሩ ነው ይላል። ደማቅና የጠገበ ሞገድ ይዘህ ግባ፣ የማትፈልገውን እየቆረጥክ የምትፈልገውን አስቀር፤ የድምፁ ነፍስ ያለችው ከትኦፍ የሚባለው ማዞሪያ ላይ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ከመነሻው ያላማረ ድምፅ በፊልተር አያምርም ባይ ነው። ሞገዱን ራሱን በደንብ ሥራው፣ ፊልተሩ ጭራሽ ላያስፈልግህ ይችላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከልምድ ተነስተው ነው፤ ሁለቱም የሚያስደምጡት ጥሩ ሥራ አላቸው። እኔ ወደ አንዱ ማድላቴን አልደብቅም፤ የሌላው ማስረጃ ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ፊልተር ምን እንደሚሠራ ለመስማት ኮምፒውተር መክፈት አያስፈልግም። በአንድ ኖታ ላይ ቆማችሁ «ሉ» በሉና ኖታውን ሳትለውጡ፣ ትንፋሹንም ሳታቋርጡ ቀስ ብላችሁ ወደ «ሊ» ተሻገሩ። ጉሮሮ የሚያወጣው ድምፅ ያው ነው፤ የተለወጠው አፍ ነው። ምላስ ወደ ፊት ሲመጣና ከንፈር ሲዘረጋ አፍ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ቅርጹን ይቀይራል፤ የሚያጎላውና የሚያፍነው የድግግሞሽ ክልልም አብሮ ይቀየራል። «ኡ» ላይ ከ1,000 ኸርዝ በታች የነበረው ሁለተኛው ጉልህ ክልል «ኢ» ላይ ከ2,000 ኸርዝ በላይ ይወጣል። ስዊድናዊው ጉናር ፋንት እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ የንግግርን ድምፅ ምንጭና ማጣሪያ ብሎ ለሁለት ከፍሎ ያስረዳው ይህንኑ ነው። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ በአንድ ኖታ ሲዜሙ ሰባት የፊልተር አቀማመጦች ናቸው ማለት ይቻላል። ልጅ ሆነን ፊደል ስንቆጥር ሁላችንም ፊልተር እያዞርን ነበር።

በሶፍትዌር ውስጥ በብዛት የምናገኘው ሎው ፓስ ፊልተር ከአፍ ይልቅ ቀለል ያለ ነው። ከትኦፉ ከቆመበት በታች ያለውን ያሳልፋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ወደ ላይ በራቀ ቁጥር እያዳከመ ይሄዳል። 110 ኸርዝ ላይ የሚጮህ፣ በመጋዝ ጥርስ ቅርጽ የተሠራ ሞገድ በ220፣ በ330፣ በ440 እያለ የሚወጣ የሃርሞኒክስ መሰላል አለው። ከትኦፉን 500 ኸርዝ ላይ አቁሙት። በኦክታቭ 12 ዴሲቤል የሚቆርጥ ፊልተር 1,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ወደ ሩብ ግድም ያወርደዋል፤ 24 የሚቆርጠው ደግሞ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ። በጆሮ ሲሰማ የመጀመሪያው ከላይ ትንሽ አየር ይተዋል፣ ሁለተኛው በር እንደመዝጋት ነው። ሬዞናንስ የሚባለው ሁለተኛው ማዞሪያ የፊልተሩን ውጤት መልሶ ለራሱ በመመገብ ከትኦፉ ያለበትን ነጥብ ያጎላል። ሲጨመር ድምፁ ያፏጫል፤ በጣም ሲጨመር ፊልተሩ ምንም ሳይገባበት በራሱ መዘመር ይጀምራል።

ለፊልተር የሚሟገተው ወገን ታሪክ ያግዘዋል። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ በ1960ዎቹ አጋማሽ የሠራውና በ1969 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ ትራንዚስተሮች እንደ መሰላል የተደረደሩበት ፊልተር በ1970 በወጣው ሚኒሙግ በኩል የአንድ ዘመን ድምፅ ሆነ። ሙዚቀኞች ስለዚያ መሣሪያ ወፍራም ባስ ሲያወሩ ሞገዱን ከሚያመነጩት ሦስት ኦሲሌተሮች እኩል የሚያወሩት ስለ ፊልተሩ ነው።

ከሱ የበለጠ የሚያሳምነኝ ግን የቲቢ-303 ነገር ነው። የጃፓኑ ሮላንድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህችን ትንሽ ማሽን ሲያወጣ የታሰበችው ብቻውን ለሚጫወት ጊታሪስት የባስ አጃቢ እንድትሆን ነበር። ባስ ጊታር መምሰል አልቻለችም፤ ገበያም አልቀናት፤ ጥቂት ዓመት ሳትቆይ ምርቷ ቆመ። ያገለገሉት ማሽኖች በርካሽ ሲሸጡ ግን ቺካጎ ያሉ ወጣቶች እጅ ገቡ። ፉቸር የተባለው ቡድን በ1987 ያወጣውን «አሲድ ትራክስ» ያዳመጠ ሰው የሚሰማው ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚዘልቅ አንድ አጭር የባስ ሐረግ ነው። ኖታዎቹ እዚያው እየተመላለሱ ሙዚቃው ይጓዛል፤ የሚያጓጉዘው እየተዞረ ያለው ከትኦፍና ሬዞናንስ ነው። ከዚያ አንድ ሙሉ የዳንስ ሙዚቃ ዘውግ ተወለደ። ምንጩን ብቻ ብናይ አንድ ኦሲሌተር፣ ሁለት ዓይነት ሞገድ፣ ሌላ ምንም የላትም። ፊልተር ዜማ ሊተርክ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ይህ ወገን ሌላም ጠንካራ ነጥብ አለው፤ ቅለት። አንድ ማዞሪያ ወደ ግራ ሲዞር ድምፁ ይጨልማል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይበራል። ሒሳቡን የማያውቅ ልጅ እንኳ በደቂቃዎች ውስጥ የሚፈልገውን ያገኛል። የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ወጣት በነጻ ከሚገኘው የቫይታል ሲንተሳይዘር ቅጂ ወይም ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነው ሰርጅ አንዱን ላፕቶፑ ላይ ጭኖ ቢቀመጥ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደዚሁ ማዞሪያ ነው፤ መሄዱም ትክክል ነው። መሣሪያ ሁሉ በጅምሩ እንዲህ ቢቀል እወዳለሁ።

አሁን ወደ ሌላው ወገን። ሙግ በኒው ዮርክ ግዛት ሲሠራ በዚያው ዘመን ዶን ቡክላ በካሊፎርኒያ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ቡክላ ከደማቅ ሞገድ ላይ መቁረጥን ሳይሆን ከቀላል ሞገድ ተነስቶ እያጠፉና እያወሳሰቡ ማበልጸግን መረጠ። በስታንፎርድ ደግሞ ጆን ቻውኒንግ በ1967 አንዱ ሞገድ የሌላውን ድግግሞሽ በፍጥነት ሲያወዛውዘው እጅግ ብዙ አዳዲስ ሃርሞኒክስ እንደሚወለዱ አገኘ። ያማሃ ይህን ግኝት ይዞ በ1983 ዲኤክስ7ን አወጣ። ዲኤክስ7 ውስጥ ፊልተር የሚባል ነገር የለም። ፊልተር የለውም ብሎ ግን ማንም አልተወውም፤ የኤሌክትሪክ ፒያኖውና የደወሉ ድምፅ በ1980ዎቹ ዘፈኖች ውስጥ ሞልቶ ይሰማል።

ደወልን ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው የዚህን ወገን ሐሳብ ይረዳል። የደወል ክፍልፋይ ድምፆች እንደ መጋዝ ጥርሱ ሞገድ በእኩል ርቀት የተደረደሩ አይደሉም፤ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ከተስተካከለ መሰላል ላይ በመቁረጥ ብቻ ያልተስተካከለ መሰላል አይገኝም። ፊልተር የሌለውን ነገር ማጉላት አይችልም። ቁልፉን ጠንከር አድርጎ መምታትም በዲኤክስ7 ላይ ድምፁን ከማጉላት አልፎ የድምፁን ስሪት ይለውጣል፤ በለስላሳ ሲነካ ክብ የነበረው በኃይል ሲመታ ብረት ብረት ይላል። ይኸውም ያለ ምንም ፊልተር የተገኘ እንቅስቃሴ ነው። ፊልተር ካልተንቀሳቀሰ ድምፅ አይንቀሳቀስም የሚለው የተለመደ አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል።

የዚህ መንገድ ዋጋም የታወቀ ነው። በዲኤክስ7 ላይ አዲስ ድምፅ መሥራት በትንሽ መስኮት እየተመለከቱ አንድ በአንድ ቁጥር መቀየር ነበር፤ የአንዱ ቁጥር ለውጥ በጆሮ ምን እንደሚያመጣ አስቀድሞ መገመትም ይከብዳል። በዚህ የተነሳ አብዛኛው ተጫዋች ፋብሪካው ከሰጠው ድምፅ አልወጣም። ዛሬ ሶፍትዌሩ ሥዕል እያሳየ ቢያቀልለውም የችግሩ ሥር አልተነቀለም፤ ትንሽ ማዞር ትልቅ መገለባበጥ ያመጣል። ሺህ ዓይነት ድምፅ የሚችል መሣሪያ ሠላሳ ድምፅ ብቻ ሲሰማበት ማየት ያሳዝናል።

ክርክሩን በራሳችን መሣሪያ ብንፈትነው የት ላይ እንደሚያርፍ በደንብ ይታያል። በገና እንውሰድ። (በገና የጾምና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ በኮምፒውተር ማስመሰሉ ጭራሽ አይገባም የሚሉ አሉ፣ እኔም ለጾምና ለሱባዔ ጊዜ እውነተኛው በገና እንዲሰማ ከሚፈልጉት ነኝ። እዚህ የምጠቅሰው ድምፁ ራሱ ትልቅ አስተማሪ ስለሆነ ነው።) 100 ኸርዝ ላይ የመጋዝ ጥርሱን ሞገድ አድርጉ፤ ከትኦፉ ከ3,000 ኸርዝ ተነስቶ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 300 እንዲወርድ በጊዜ ሂደት የሚያንቀሳቅሰውን ኢንቨሎፕ አስተካክሉ። የምትሰሙት ደስ የሚል ወፍራም የተነካ ክር ነው። ከታች ላሉት የክራር ክሮች ይቀርባል እንጂ በገና አይደለም።

ምክንያቱ ያለው እንዚራዋ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ክርና ክሩ ከሚያርፍበት በርኩማ መሃል የምትገባው ይህች ቁራጭ ቆዳ ክሩን በትክክለኛው ርቀት ትይዘዋለች፤ ክሩም እየተርገበገበ በርኩማውን ደጋግሞ ይነካል። በነካ ቁጥር ዝቅተኛው ንዝረት ላይ ያለው ኃይል ወደ ላይኞቹ ሃርሞኒክስ ይፈስሳል። ተራ ክር ሲነካ ከላይ ያሉት ድምፆች ቀድመው ይሞታሉ፣ ከታች ያሉት ይቆያሉ። በገና ላይ ግን ላይኞቹ እየሞቱ እንደገና ይወለዳሉ፤ ያ የሚንዘረዘር ድምፅ የሚቆየው ለዚህ ነው። ሎው ፓስ ፊልተር የሚያውቀው ከላይ ወደ ታች በተራ መግደልን ነው። ከትኦፉን መጀመሪያ ቀስ ብሎ እንዲከፈት፣ ከዚያ እንዲዘጋ ማድረግ ትንሽ ያቀርበዋል፤ 1,500 ኸርዝ አካባቢ ሬዞናንስ መጨመር የአፍንጫ ድምፅ ይሰጠዋል። ሻካራነቱ ግን አይመጣም። ያ ሻካራነት የሚወለደው ክሩ እንጨቱን በሚነካበት ቦታ ነውና ከምንጩ መሠራት አለበት። በዚህ ፈተና ላይ ለምንጩ የሚሟገተው ወገን ያለ ጥርጥር ያሸንፋል።

ታዲያ ለክራር የሚሆን ድምፅ ስንፈልግ ነገሩ ይገለበጣል። ኬቪን ካርፕለስና አሌክስ ስትሮንግ በ1983 ያሳተሙት ዘዴ በጣም አጭር የሆነ ጫጫታ፣ «ሽሽ» የሚል ድምፅ፣ ወስዶ በቀለበት ውስጥ ያዞረዋል። በየዙሩ አጠገብ ለአጠገብ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች አማካይ ይወስዳል፣ በቃ። የሁለት ቁጥር አማካይ መውሰድ ደግሞ ሎው ፓስ ፊልተር ነው፤ ከሁሉ የቀለለው ፊልተር። ጫጫታው በየዙሩ ከላይ ከላይ እየተላጨ ይሄድና የተነካ ክር ሆኖ ይሰማል፤ በቀላል ሒሳብ የማይጠበቅ ሕያውነት አለው። የቀለበቱ ርዝመት ኖታውን ይወስናል፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚሠራ ሶፍትዌር ላይ ወደ 100 ናሙና የሚጠጋ ቀለበት 440 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ኖታ ያወጣል። እዚህ ምንጩ የትኛው ነው፣ ፊልተሩስ? ጫጫታው ብቻውን ምንም አይደለም። ክሩን ክር ያደረገው ፊልተሩ ነው፤ ፊልተሩም ድምፁ ከተሠራ በኋላ የመጣ ሳይሆን የድምፁ አካል ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩበት ድንበር በዚህ ዘዴ ላይ የለም።

ድንበሩ በሌላም በኩል ይደበዝዛል። ፊልተር ያለውን ይቀርጻል እንጂ አዲስ ሃርሞኒክስ አይጨምርም የሚለው በሒሳብ ንጹሕ ለሆነው ፊልተር እውነት ነው። የሙግ መሰላል ግን ኃይለኛ ድምፅ ሲገባበት ትራንዚስተሮቹ ይጨናነቃሉ፤ ያ መጨናነቅ ያልነበሩ ሃርሞኒክስ ይፈጥራል። ሬዞናንሱ ሲጨመር ደግሞ ከታች ያለው ባስ ይሳሳል፤ ብዙ ሰው የሚወደው ይህን ጉድለት ነው። የሶፍትዌር ሠሪዎች ይህን ጠባይ ለመምሰል ዓመታት ደክመዋል። አንቲ ሁኦቪላይነን በ2004 መሰላሉን ከነመጨናነቁ በዲጂታል ለመሥራት የሚያስችል ጽሑፍ አቀረበ፤ ዩ-ሂ የተባለው የበርሊን ድርጅት በ2011 ያወጣው ዲቫ ደግሞ ወደ ፊልተሩ ተመልሶ የሚገባው ውጤት ሳይዘገይ እንዲሰላ አድርጎ በጊዜው የነበሩትን ኮምፒውተሮች አደከመ። ዋጋ አለው ወይ? ከትኦፉ በፍጥነት በሚንቀሳቀስበትና ሬዞናንሱ ከፍ ባለበት ድምፅ ላይ ልዩነቱ ይሰማል፣ አዎ ዋጋ አለው። ከዘፋኝ ሥር ተኝቶ ለሚቆይ ፓድ ግን ንጹሑና ቀላሉ ፊልተር ይበቃል፤ ኮምፒውተሩም ለሌላ ሥራ ይተርፋል።

ስለ ፓድ ካነሳን፣ ፊልተርን ማንም የማይቀናቀንበት ቦታ ቅንብር ውስጥ ይመስለኛል። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ በቀረጸው አልበም አኮርዲዮን፣ የሮድስ ፒያኖና ሲንተሳይዘር አብረው ይሰማሉ። አኮርዲዮን መካከለኛውን ክልል ሞልቶ የሚይዝ መሣሪያ ነው፤ አጠገቡ የሚቆም የኤሌክትሮኒክስ ድምፅ ቦታውን ማወቅ አለበት። ትዝታ የምትዘፍን ድምፃዊት ብትኖርም ያው ነው። የቃሏን ጥራት የሚሸከመው በብዛት ከጥቂት መቶ እስከ 3,000 ኸርዝ ያለው ክልል ነው፤ ከሥሯ ያለው ፓድ እዚያ ከበራ ግጥሙ ይጠፋል። ፓዱን 700 ወይም 800 ኸርዝ ላይ ዘግቶ ማቆየት፣ ስንኙ ሲያልቅና ማሲንቆው ከመግባቱ በፊት ባለው ክፍተት ቀስ አድርጎ መክፈት፣ ቃሉ ሲመለስ መልሶ መዝጋት፤ ይህን የመሰለ አብሮ መተንፈስ የሞገዱን ስሪት በመቀየር ለማግኘት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። የመጀመሪያው ወገን እዚህ ያሸንፋል።

በሁለቱም ወገን ችላ ስለሚባል አንድ ነገር ግን ዘለግ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ከትኦፉ ከምን ጋር እንደታሰረ። ከትኦፉን 600 ኸርዝ ላይ አቁማችሁ ከታች 110 ኸርዝ የሆነውን «ላ» ብትጫወቱ አምስት ሃርሞኒክስ በደህና ያልፋሉ። ሦስት ኦክታቭ ወደ ላይ ወጥታችሁ 880 ኸርዝ ያለውን ብትነኩ ዋናው ድምፅ ራሱ ከከትኦፉ በላይ ነው፤ ታፍኖና ደክሞ ይወጣል። «ይህ ሲንት ከላይ አይሰማም» የሚለው ስሞታ በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ሶፍትዌሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ከትኦፉ ኖታውን እንዲከተል የሚያደርግ ማዞሪያ አላቸው፤ በአብዛኛው በስውር ጥግ ዜሮ ላይ ተኝቶ ይገኛል። እሱን ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ ከትኦፉን ከጣት ጥንካሬ ጋር ማሰር፣ ስሙ ከሚጠራ ውድ ፊልተር የበለጠ ድምፁን ይለውጠዋል። እንዲህ የታሰረ ፊልተር ዲኤክስ7 ላይ ወደምናደንቀው ጠባይ ይጠጋል፤ ያልታሰረው ደግሞ የትኛውንም ያህል ቢወደድ ባለበት የቆመ መጋረጃ ነው። ስለዚህ የትኛው ፊልተር እንደሚሻል ከመከራከር በፊት ማን እንደሚያዞረው መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ያደላሁበትም ወገን ይኸው ነው። የማደላው ፊልተርን እንደ መጫወቻ ለሚይዙት እንጂ እንደ ማረሚያ ለሚይዙት አይደለም።

ማዞሪያው ሲባል እውነተኛው ማዞሪያ ነው። በማውስ አንድ ነገር ብቻ መያዝ ይቻላል፤ ከትኦፍና ሬዞናንስ ግን አብረው ሲዞሩ ነው የሚነጋገሩት። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝ ትንሽ የሚዲ መቆጣጠሪያ ያለው ሰው ሁለቱን በሁለት እጁ ይይዛል። በተለመደው ሚዲ አንድ ማዞሪያ 128 ደረጃ ብቻ እንዳለው ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ወደ አሥር የሚጠጋ ኦክታቭ ስለሆነ ሙሉው ክልል ለማዞሪያው ሲሰጥ አንዱ እርምጃ ከግማሽ ቃና ጋር ይቀራረባል፤ ሬዞናንሱ ከፍ ሲል ፊልተሩ ሳይንሸራተት ደረጃ እየወረደ የሚሰማው በዚህ ነው። ጥሩ ሶፍትዌር በመሃል ያለውን ያለሰልሰዋል፤ ካላለሰለሰ ማዞሪያው የሚሸፍነውን ክልል ወደ ሁለት ሦስት ኦክታቭ ማጥበብ ይጠቅማል።

ዓይንም ይፈታተናል። ዘመናዊ ሶፍትዌር የፊልተሩን መስመር በቀለም ይሥላል፤ ሰው ደግሞ የሚያምር መስመር ሲያይ የሚያምር ድምፅ የሰማ ይመስለዋል። ፊልተር ሲከፈት ድምፁ ከመብራቱ ጋር ይጎላል፤ ጆሮም የጎላውን የተሻለ ነው ብሎ ይፈርዳል። ሁለት አቀማመጦችን የሚያወዳድር ሰው መጀመሪያ ጉልበታቸውን እኩል ካላደረገ ፍርዱ ልክ አይሆንም። በምንጭና በፊልተር መካከል የሚደረገው ክርክርም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በዚሁ ነው፤ አንዱ ድምፁን ሦስት ዴሲቤል አጉልቶ ያስደምጣል፣ ሌላው ይሸነፋል።

ወደ በገናው ስንመለስ፣ ወደተሻለ ድምፅ የሚያደርሰኝ እስካሁን ባለው አሠራር ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። መጀመሪያ የካርፕለስና የስትሮንግን ክር አደርጋለሁ፤ በቀለበቱ ውስጥ ንዝረቱ ከአንድ ወሰን ባለፈ ቁጥር የሚጨናነቅ ትንሽ ማዛቢያ አስገባለሁ፤ ይህ ክሩ በርኩማውን የሚነካበትን ቅጽበት በግምት ይተካል። ተራ ሎው ፓስ ፊልተር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሲሆን ኖታውን እንዲከተል፣ በጣትም ጥንካሬ እንዲከፈት አድርጌ አስረዋለሁ። ማዛቢያው ሲበዛ ክሩ ይጮሃል፣ ሲያንስ ክራር ይሆናል፤ በመሃሉ ያለው ጠባብ ቦታ ለእያንዳንዱ ክር ለየብቻው መፈለግ አለበት፣ ልክ በገና ደርዳሪ እንዚራዋን ለእያንዳንዱ ክር ለየብቻ እየገፋ እንደሚያስተካክለው።